ተረከዝ ያረፈበት ጣውላ

በሆሳዕና ከተማ፣ ወደ ጃጁራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ማቴዎስ የሚባል አናጢ ይኖር ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ገና መጋመሳቸው ነበር። ማቴዎስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ ከመጋዙ ድምፅ ያነሰ ሰው ነበር። ሙያውን ከሚሲዮን የእንጨት ሥራ ቤት ተምሮ ሲወጣ ይዞት የወጣው አንድ ተጣጣፊ ሜትርና አንድ ልማድ ነው። ሜትሩን ሌሎች አናጢዎችም ይይዙታል፤ ልማዱ ግን የብቻው ነበር።

ልማዱም ዕቃውን ከመሥራቱ በፊት የዕቃውን ባለቤት ማየት ነው። ባለ ሱቁ አቶ ዳኘ መደርደሪያ ባዘዙት ጊዜ ሜትሩን ከኪሱ አላወጣም፤ ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ቀን ሙሉ ዝም ብሎ አያቸው።

«ማቴዎስ፣ ያዘዝሁህ መደርደሪያ ነው ወይስ ዘበኛ?» አሉት በመጨረሻ።

«ስኳሩን ለማውረድ ዛሬ ሠላሳ ጊዜ ተንጠራርተዋል፤» አለ ማቴዎስ ዐይኑን ወደ መሬት አድርጎ። «በወር አንዴ የሚጠየቀው የፋኖስ ብርጭቆ ግን እጅዎ ሥር ነው ያለው።»

አቶ ዳኘ ይህን በሰሙ ጊዜ ወደ አሮጌው መደርደሪያቸው ዞረው ስኳሩንና ብርጭቆውን ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ወዲህ በገበያው ውስጥ የማቴዎስን ስም ሲያነሡ «ያ የሚያየው አናጢ» ይሉት ጀመር። የጸሎት ቤቱንም አግዳሚ ወንበሮች የሠራው እንዲሁ ነው፤ ሁለት እሑድ ከኋላ ቆሞ ሽማግሌዎቹ ለመነሣት የት ላይ እንደሚደገፉ ካየ በኋላ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው አንድ ጊዜ ሳያይ ሠራ። የሠራውም ለገዛ ሚስቱ ነበር።

ሚስቱ ገነቴ ትባላለች። ሳቂታ፣ ፈጣን፣ ለነገር ሁሉ መልስ ያላት ሴት ነበረች። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ግን ቀኝ ዳሌዋ ይጠዘጥዛት ጀመር። መንገድ ስትሄድ እምብዛም አይታወቅባትም፤ የሚያሠቃያት እንሰት ስትፍቅ ነው። ፋቂዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ከፊቷ ጣውላ አጋድማ ታቆማለች፤ ከግንዱ የተላጠውን ሰፊ ልጣጭ በጣውላው ላይ ትዘረጋለች፤ ከዚያም አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ ልጣጩን በተረከዟ ጣውላው ላይ አጥብቃ እየያዘች በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቀዋለች። እግሩ እንደ ተሰቀለ ይውላል። የገነቴ ዳሌ የማይችለውም ይህንኑ ነበር።

በዚያ አገር እንሰት የሚተክለው ወንድ ነው፤ የሚፍቀው ግን ሴት ብቻ ናት። ሴቶች ወደሚፍቁበት ጓሮ ወንድ አይጠጋም። ጸሎት ቤቱ ከአባቶች ብዙ ልማድ አስጥሏል፤ ይህን ግን ማንም አልነካውም። የአምልኮ ነገር አልነበረማ፤ የነውር ነገር ነበር። እግሯን አንሥታ በምትሠራ ሴት ፊት ምን ዓይነት ወንድ ይቆማል? ስለዚህ በሆሳዕና ከተማ ሁሉን ነገር ያየው አናጢ፣ በየቀኑ የሚበላው ቆጮ እንዴት እንደሚፋቅ አንድ ቀን እንኳ አይቶ አያውቅም ነበር።

ገነቴ አንድ ጠዋት ልጆቹን አብልታ ከሸኘች በኋላ «የኤሊያስ አባት፣» አለችው፤ በታላቅ ልጃቸው ስም ነበር የምትጠራው። «የዘንድሮውን ከፋቅን በኋላ ከደቦው እወጣለሁ።»

«ለምን?»

«አምስት ሆነው የኔን ይፍቁልኛል። የነሱን ለመፋቅ ስሄድ ግን እኩለ ቀን ሳይሆን እነሣለሁ። አይናገሩኝም። ባይናገሩኝም በምን ዐይን አያቸዋለሁ?»

ማቴዎስ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያውቃል። የስድስቱ ሴቶች ደቦ ገነቴ በሙሽርነቷ የገባችበት ነው። ከደቦ የወጣች ሴት እንሰቷ ሳይፋቅ አይቀርም፤ ሰው አይጨክንባትም። ነገር ግን የሚፋቅላት እንደ እኩያ መሆኑ ቀርቶ እንደ ድውይ ይሆናል። ወሬውም፣ ሳቁም፣ ምክሩም ያለ እርሷ ይውላል። ገነቴ ያለ ሳቅ ምን ትሆናለች ብሎ አሰበና ፈራ።

በዚያው ቀን እንድታሳየው ለመናት። እየሳቀች ከቤት ውስጥ ወለል ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን ወደ ግድግዳው አነሣች፤ በባዶ እጇም ፋቀች። ማቴዎስ በሜትሩ ለካ፤ በደብተሩም ጻፈ። እርጥብ ልጣጭ የለ፣ መፋቂያ የለ፣ ድካም የለ፤ ፎቶግራፍ ለመነሣት እንደ ተቀመጠ ሰው ነበረች። እርሱ ግን ያየ መሰለው።

ሦስት ሳምንት ሠራ። የሠራው ከወገብ ከፍ የሚል፣ ገጹ የተጋደመ የዋንዛ ጠረጴዛ ነው፤ መደገፊያ ያለው ወንበርም አብሮ ሠራለት። እግር የሚሠራውን ሥራ ብረት እንዲሠራው ብሎ፣ ልጣጩን ነክሶ የሚይዝ ባለ ብሎን መያዣ ከጠረጴዛው አናት ላይ ገጠመ። ብሎኑን አቶ ዳኘ ከአዲስ አበባ አስመጡለት። ጠረጴዛው ከደጅ ወጥቶ ቅባቱ ሲደርቅ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አደነቀ። አስተማሪው ወንዳፈረው በእጁ እየዳበሰ «ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው፤ ሴቶቻችን ከመሬት ተነሡ፤» አለ። አቶ ዳኘም ብሎኑን ሦስት ጊዜ አጥብቀው ሦስት ጊዜ አላሉት። ምስጋናው ብዙ ነበር። ከአመስጋኞቹ መካከል ግን እንሰት ሲፋቅ ያየ አንድም አልነበረም።

ደቦው በእነ ገነቴ ቤት በዋለበት ቀን ማቴዎስ እንደ ደንቡ በመንገዱ በኩል፣ ከሥራ ቤቱ ደጅ ተቀመጠ። ከጓሮ የመፋቂያው ድምፅ ሸርር፣ ሸርር እያለ ይመጣል፤ በመካከሉ ሳቅ ይሰማል። ድምፁን ከድምፅ መለየት ስለማያውቅ ሁሉንም ለበጎ ተረጐመው። ወደ ማታ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ በፊቱ አለፉ።

«እጅህ ይባረክ፣ ልጄ፤» አሉት አማ ብርነሽ፣ የደቦው ታላቅ። ስድሳን ያለፉ፣ አጭርና ጠንካራ ሴት ነበሩ፤ ከእነ ማቴዎስም ጋር አጥር ለአጥር ጎረቤት ነበሩ።

«እንዲህ ያለ ጠረጴዛ እኮ የአውራጃ ገዢውም የላቸውም፤» አለች ትርፊት፣ ከገነቴ አንድ ዓመት የምታንስና በምላሷ የምትታወቅ ሴት። ሌሎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ማቴዎስ ወደ ጓሮው ዞረ። ጠረጴዛው ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ዋንዛ ውኃ ከነካው አይደብቅም፤ ይጠቁራል፣ ጭረቱም ይነሣል። እጁን በገጹ ላይ አሳለፈ። እንደ ወጣበት ቀን ደረቅ ነበር። አንድ ቀጭን የጥጥ ክር ብቻ ከብሎኑ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ቆልለውበት ውለው ነበር። ቀና ሲል ገነቴ በግድግዳው ተደግፋ ወደ ቤት ስትገባ አያት።

በማግሥቱ ከጸሎት በኋላ ጠየቃት። መጀመሪያ «በጣም ጥሩ ነው፤» አለች። ሁለተኛ ሲጠይቃት ጣቶቿን ማየት ጀመረች።

«አማ ብርነሽ ከመሬት ተቀምጠው፣ እኔ ከራሳቸው በላይ ወንበር ላይ ተንጠልጥዬ ልፋቅ? እግሬ ቢቆረጥ ይሻለኛል።»

ማቴዎስ ይህን አላሰበውም ነበር። ልጅ ሳለ ታላላቆች ፊት ከፍ ብሎ በመቀመጡ በአርጩሜ የተገረፈ ሰው፣ እንዴት ይህን አላሰበም?

«ሌላስ?»

«ብሎንህ አንዴ ከያዘ አይለቅም። አንዱን ልጣጭ ስፍቅ ስንት ጊዜ እንደማንቀሳቅሰው ታውቃለህ?»

«ስንት ጊዜ?»

«እኔስ መች ቆጥሬው አውቃለሁ። የሚያውቀው እግሬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ገነቴ ቀና አለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትሠራ ታፏጭ ነበር፣ የኤሊያስ አባት። ከተጋባን ወዲህ፣ ከዚያ በፊት ስታፏጭ ሰምቼ አላውቅም።»

በዚያ ሳምንት ማቴዎስ አላፏጨም። ሊያይ ያልተፈቀደለትን ነገር እንዴት ሊያውቅ እንደሚችል ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ። በኋላም አንድ ነገር ታየው። ሠራተኛዋን ማየት ባይችል ዕቃዋን ማየት ይችላል። ለሴቶቹ አሮጌ የመፋቂያ ጣውላቸውን እንዲያመጡለት፣ ጠርዙን ልጎ እንደሚመልስላቸው ላከባቸው።

«አናጢው ደግሞ የሴት ጣውላ ማሽተት ጀመረ፤» አለች ትርፊት የእርሷን ከደጁ እየወረወረች። «ምነው፣ ጠረጴዛህ ውኃ አማረው?» ያመጣችውን ግን መልሳ አልወሰደችም።

ስድስቱን ጣውላዎች በግድግዳው ላይ ደርድሮ ከፊታቸው ተቀመጠ። በአቶ ዳኘ ሱቅ ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ እንዳደረገው ያያቸው ጀመር። በእያንዳንዱ ጣውላ አናት ላይ ተረከዝ ለዓመታት የበላው ጎድጓዳ አለ። የአማ ብርነሽ ሁለት ነው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። እግር ይለውጣሉ ማለት ነው። የትርፊት ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ስትፍቅም እንደ አነጋገሯ ናት። የገነቴን ግን አንሥቶ ወደ ብርሃን አስጠጋው። በአናቱ ላይ አንድ አሮጌ፣ የለሰለሰ ጎድጓዳ ነበር። ከእርሱ ሥር፣ አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ፣ ሌላ አዲስ ጎድጓዳ ተጀምሯል፤ በሁለቱ መካከልም ተረከዝ እየተንሸራተተ የፋቀው ቀጭን መስመር አለ። ዳሌዋ እምቢ ባለ ቁጥር እግሯ ትንሽ ትንሽ እየወረደ፣ እርሷም መልሳ እየሰቀለችው፣ እንደገና እየወረደ ኖሯል። አዲሱ ጎድጓዳ የአንድ ወቅት ሥራ አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል ነው ብሎ ገመተ። ለእርሱ የነገረችው ግን ባለፈው ወር ነው።

ጣውላውን ፋቂዎች እንደሚያቆሙት አጋድሞ ወለሉ ላይ አቆመው።

ከዚያም አንድም የሆሳዕና ወንድ የማያደርገውን አደረገ። ከጓሮው አንድ የእንሰት ልጣጭና የገነቴን የቀርከሃ መፋቂያ አመጣ፤ የሥራ ቤቱን በር ዘጋ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀመጠና እግሩን በገነቴ ጣውላ ላይ ሰቀለ። መፋቂያውን ሲጎትት ልጣጩ ሸሸ። ተረከዙን ሲያጠብቅ ልጣጩ ተቀደደ። ፊቱ ላይ ጭማቂው ተረጨበት። በሩን ዘግቶታል እንጂ አልቀረቀረውም ነበርና፣ አራተኛውን ሲሞክር ተከፈተ።

አማ ብርነሽ ጣውላቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበር።

ማቴዎስ እግሩን ለማውረድ እንኳ አልቻለም። ይህ ነገር ገበያ ከደረሰ ልጆቹ እስኪያገቡ ድረስ እንደሚነገርበት ያውቃል። አሮጊቷም መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩ። ቀጥሎም ወደ ውስጥ ገቡ፤ በሩን ከኋላቸው ዘጉ፤ ጀርባቸውንም ሰጥተው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ዛሬ ዐይኔን ያመኛል፤» አሉ። «ምንም ያየሁት የለም። የምሰማው ግን መጥፎ ፍቂያ ነው። እስቲ ቀጥል።»

«አማ...»

«ቀጥል አልሁህ።»

ፋቀ።

«ተረከዝህን እንደ ሚስማር ቸንክረኸዋል። እግር ሚስማር አይደለም፣ ልጄ፤ እጅ ነው። መፋቂያው ሲወርድ ይይዛል፤ ሲመለስ ይለቃል፤ በለቀቀ ጊዜም ልጣጩን ትንሽ ይስበዋል። ሥጋው አልቆ ቃጫው ሲቀር መጀመሪያ የሚያውቀው ተረከዝ ነው። ዐይን በኋላ ነው የሚደርሰው።»

ማቴዎስ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ሳበ። ድምፁ ተለወጠ።

«እንዲህ፤» አሉ አማ ብርነሽ ለግድግዳው። «ለሙሽራ መጥፎ አይደለም።»

ሃያ ጊዜ ያህል እንደ ፋቀ ጭኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተረከዙን ግን አላመመውም። የደከመው ተረከዙ አልነበረም፤ እግሩን በአየር ላይ ተሸክሞ የሚውለው ጭኑና ዳሌው ነበር። ያን ጊዜ የጠረጴዛው ስሕተት እስከ ሥሩ ታየው። የእግሩን ብልሃት ለብረት ሰጥቶ ክብደቱን ረስቶት ኖሯል። ሊደረግ የሚገባው ተቃራኒው ነበር፤ እግሩ ሥራውን ይሥራ፣ ክብደቱን ግን እንጨት ይሸከምለት።

«አማ፣ እግር የሚለውጡት ሲደክምዎ ነው?»

«ማን ነገረህ?»

«ጣውላዎ።»

አሮጊቷ ወደ እርሱ ሊዞሩ ቃጣቸውና ተዉት። ጣውላቸውን በዳበሳ አንሥተው «ሱሪህን አውርድ፣ ሰው ይመጣል፤» ብለው ወጡ።

አዲስ ጣውላ አልሠራም። የገነቴን አሮጌ ጣውላ ወሰደና ከቀኝ ጎኑ አንድ አጭር የዋንዛ ክንድ ገጠመለት፤ የክንዱን ጫፍ እንደ ተከፈተ መዳፍ ጠረበው፤ የእግሯ ባት እንዲያርፍበት ነው። በክንዱ ሥር ሦስት ቀዳዳ በስቶ ችካል ሰጠው፤ ሲያማት ዝቅ፣ ሲሻላት ከፍ እንድታደርገው። መዳፉን በለስላሳ ቃጫ ጠቀለለው። ተረከዙ ግን ነጻ ነው፤ እንዳሻው ይይዛል፣ ይለቃል። ክንዱ ሲታጠፍ ከጣውላው ጎን ስለሚተኛ፣ መንገድ ላይ ይዛው ስትሄድ ያያት ሰው ከጣውላ በቀር ምንም አያይም። የምትቀመጠውም እንደ ሁሉም መሬት ላይ ነው።

«ጥሩ ነው አትበይኝ፤» አላት ሲሰጣት። «ማታ እርጥብ ሆኖ ካየሁት ያን ጊዜ አውቃለሁ።»

ቀጣዩ ደቦ በአማ ብርነሽ ቤት ዋለ። ማቴዎስ በመላጊያው ላይ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አጥሩ ጣለ። አሁን መስማት ያውቃል። ስድስት መፋቂያ ነበር። የትርፊት ፈጣኑ፣ የአማ ብርነሽ ዘገምተኛው፤ የገነቴን ደግሞ በመያዝና በመልቀቅ መካከል ከምታደርጋት ጥቂት እረፍት ለየው። ረፋዱ አለፈ። እኩለ ቀን ሲሆን አንዱ መፋቂያ ቆመ። ቆጠረ፤ አምስት ነው። የቆመው የገነቴ ነው። መላጊያውን አስቀመጠ። ተነሥታ ስትሄድ፣ ሌሎቹም እንዳላዩ ሆነው ሲቀጥሉ በሐሳቡ ታየው። ቀጥሎ የትርፊት ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያም ከገነቴ ቦታ የሚመጣ ፈጣን ፍቂያ። ግራ ገባው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያቺ የታወቀችው እረፍት ተመለሰች፤ ስድስትም ሆነ። እስከ ማታም ስድስት እንደ ሆነ ዋለ።

ገነቴ ጣውላዋን በብብቷ ይዛ ስትመጣ ደጅ ቆሞ ጠበቃት። ከእጇ ተቀብሎ መዳፉን አሳለፈበት። ከአናቱ እስከ ግርጌው ርሶ ነበር፤ በጭረቶቹ ውስጥ ነጭ ፍቅፋቂ ገብቷል፤ በቃጫው ላይም የእግሯ ቅርጽ ተኝቷል።

«እኩለ ቀን ላይ ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔማ ምንም። ትርፊት ናት፤ እስቲ ልየው ብላ ከቦታዬ አስነሥታኝ ነው።» ገነቴ ሳቀች። «ስትፍቅ ስትፍቅ አልነሣም አለች። አማ ብርነሽ በመፋቂያቸው ጀርባዋን መትተው አስነሧት።»

ማቴዎስ ጣውላውን እንዲደርቅ ከግድግዳው አስደግፎ አቆመው። በማግሥቱ ጠዋት ገነቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከሥራ ቤቱ ፉጨት ሰማች።

ከሳምንት በኋላ ትርፊት ጣውላ ተሸክማ መጣች። «ለእናቴ ነው፤» አለች፣ ዐይኗን ወደ መንገዱ አድርጋ። «ዱራሜ ናት። አርጅታለች።»

ማቴዎስ ጣውላውን ገለበጠው። በአናቱ ላይ ያ ጠባብና ጥልቅ ጎድጓዳ ነበር።

«የትኛውን እግራቸውን ነው የሚያማቸው?»

«ግራውን። ከወሊድ... ማለት፣ ዱሮ ከወለደች ወዲህ።»

«እናትሽ ጠንካራ ፋቂ ናቸው፤» አላት። «ችካሉን ከፍ አድርጌ እጀምርላቸዋለሁ፤ ሲያማቸው ያወርዱታል።» ትርፊት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ሄደች።

ማቴዎስ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እስከ ሀቢቾና እስከ ዱራሜ የሄደ ብዙ ባለ ክንድ ጣውላ ሠራ። ለሚመጣው ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «አሮጌውን አምጡልኝ።» ባል ለሚስቱ ሊያዝዝ ቢመጣና እንዴት እንደሚሆን ሊያስረዳው ቢጀምር፣ በትሕትና ሰምቶ ሲያበቃ ያንኑ ይለዋል። ትልቁን ጠረጴዛ አቶ ዳኘ ወሰዱት። ረጅሙን የልብስ ሳሙና ለገበያተኛ ሲቆራርጡ ብሎኑ ነክሶ ይይዝላቸዋል፤ ወንዶችም እንደ ዱሮው እየቆሙ ያደንቁታል።

ገነቴ በደቦው ውስጥ ቆየች፤ አማ ብርነሽ ሲያርፉም ታላቅነቱ ለእርሷ ደረሰ። በየወቅቱ ማብቂያ ጣውላዋን ለባሏ ታመጣለታለች፤ እርሱም የረገፈውን ቃጫ ይለውጥላታል። ከመለወጡ በፊት ግን ችካሉ በየትኛው ቀዳዳ እንደ ዋለ ያያል። ዝቅተኛው ቀዳዳ ሰፍቶ ካገኘው ያን ሳምንት ውኃውን ራሱ ቀድቶ በአህያ ያመጣል፤ ለምን እንደሆነም አይናገርም። ወደ ፋቂዎቹ ጓሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተጠጋም።